ምድጃው እስኪበርድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ከጠዋት ጀምሮ ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀይ። ባሌ ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ አየኝና "ካልሲሽ ያምራል" አለኝ። ፀጉር አስተካካይ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ሲቀልድ ስለሚውል ቤትም መጥቶ አይተወውም።

አማቴ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ ካስዞሩ ወዲህ ጓሮውን፣ ጭቃውን፣ ምድጃውን፣ እኔን ያያሉ። በተለይ እኔን። "አንቺ ልጅ! የግራውን ጥግ ረሳሽው!" ድምፃቸው ቀነሰ እንጂ ዓይናቸው ያው ነው። አርባን አልፌያለሁ፣ አሁንም "አንቺ ልጅ" ነኝ።

ሰፈሩ "ዳኛዋ" ነው የሚላቸው። ከምድጃ የወጣ ሸክላ ያነሳሉ፣ በጣታቸው አንጓ መታ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ… ከዚያ ፍርድ። ጥርት ብሎ ከጮኸ "ጤነኛ ነው።" ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፣ ወደ ስባሪው ክምር ይወረወራል። ይግባኝ የለም። የራሳቸውንም ይወረውራሉ፣ ሳያዝኑ። የኔን ሲመቱ ግን ጤነኛ ሆኖ እንኳ "ይሄዳል" ነው የሚሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ "ይሄዳል"። ወዴት ነው የሚሄደው?

አሁን መደርደሪያው ላይ የሚደርቀው ሁሉ የኔ ነው። ከክረምት ወዲህ እሳቸው ጭቃ አልነኩም። አንድም የሳቸው ዕቃ የሌለበት ምድጃ ስተኩስ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ድሮ እሳቸው ሠርተው፣ እሳቸው ደርድረው፣ እሳቸው አንድደው… እኔ ጭቃ ረጋጭ፣ ማገዶ አቀባይ። አሁን ማሰሮው፣ ሳህኑ፣ አንገተ ረጅሙ ማንቆርቆሪያ፣ ሁሉም በኔ እጅ። ማንቆርቆሪያዎቹን ወድጃቸዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ነርሷ መጣች። የአማቴን እግር በጣቷ ጫን አደረገች። የተጫነው ቦታ እንደ እርጥብ ጭቃ ጎድጉዶ ቀረ። እኔንና ባሌን ወደ ውጪ ጠራችንና "ልባቸው ደክሟል" አለች። ባሌ "መድኃኒቱ ይጨመርላት?" ሲላት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። "ደስ የሚላቸውን ነገር አድርጉላቸው። አትዘግዩ።"

አትዘግዩ… ይሄን ቃል ማን ፈጠረው?

ባሌ ወደ ሱቁ ተመለሰ። አንዱን ደንበኛ አረፋ ቀብቶ ወንበር ላይ ትቶት ነበር የመጣው። ኋላ እንደነገረኝ ሰውየውን ጆሮው ሥር ቆረጠው። እሱ ሰው ቆርጦ አያውቅም። አንጀቴን በላኝ።

እኔ መደርደሪያው ጋ ሄጄ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ጉንጬ ላይ አስነካሁ። ያልደረቀው ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል። እሳቸው ናቸው እንዲህ ያስተማሩኝ። ከትልቁ ማሰሮ በቀር ሁሉም ደርሰዋል። የትልቁ ማሰሮ ቂጥ ገና ነው፣ እሱ ይቅር። የቀረውን እሁድ እደረድራለሁ፣ ከዚያ ይተኮሳል፣ ከዚያ ያዩታል። አማቴን ደስ የሚላቸው መፍረድ ነው፣ ሌላ ምን አላቸው? አንዱን አንስተው መታ ያደርጉታል… የፈለጉትን ይበሉ። ለማን እዋሻለሁ! "ጤነኛ ነው" እንዲሉኝ ነው የምፈልገው። አንዴ። ከመሄዳቸው በፊት አንዴ ብቻ።

ይድረስልኝ እንጂ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጎረቤታችን አናጢው ማገዶ በጋሪ አመጣ። "ለዳኛዋ ብዬ ነው፣ ላንቺ ቢሆን ቅርፊት አላመጣም ነበር" አለኝ። አማቴ በመስኮት ሰሙት። "እርጥብ እንጨት ካገባህብን ወየውልህ!" "እማማ፣ ከእርስዎም የባሰ የደረቀ ነው።" ሳቁ! ስንት ቀናቸው ከሳቁ። ሳቁ ግን ሳል አመጣ፣ ሳሉ ደግሞ አልለቅም አለ። እኔ ሮጬ ገብቼ ጀርባቸውን ስደግፍ አናጢው ቆቡን በእጁ ይዞ ጓሮው መሃል ደርቆ ቀረ። ምስኪን። ቀልዱን መልሶ መዋጥ ቢችል ይውጠው ነበር።

ሳሉ ሲተዋቸው "ምን ምን አለሽ?" አሉኝ።

"ማሰሮ፣ ሳህን… ማንቆርቆሪያ።"

"ማንቆርቆሪያ? አንገቱ አይጣመምም?"

"አይጣመምም።"

"እናያለን።"

እናያለን! ደስ አለኝ። ለማየት አስበዋል ማለት አይደል?

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ደረደርኩ። ወገቤ አለቀ። ማሰሮ ከታች፣ ሳህን በሳህን ላይ፣ እንዳይነካካ በመሃሉ ስባሪ ሸክላ፣ ማንቆርቆሪያዎቹ ከላይ እሳቱ የሚለዝብበት ቦታ። ባሌ ያቀብለኛል። "እንደ ሕፃን ያዘው እንጂ!" ስለው "ሕፃን እንዲህ ዝም አይልም" ይላል። እናቱ እጁን ጭቃ እንዳልወደደው ቢያውቁ ጊዜ ነው ድሮ መቀስ የገዙለት። "የምትሠራው ሁሉ ተመልሶ ይበቅላል፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው?" እያሉ ይተርቡታል እስካሁን።

በሩን በጡብ ዘግቼ በጭቃ ስመርገው ያገባሁበት ዓመት ትዝ አለኝ። ምድጃው በተተኮሰ ማግስት "አንቺ ልጅ፣ ሂጂና ክፈቺው" አሉኝ። አዲስ ሙሽራ፣ ታዛዥ ለመባል የምትሞት… ሮጥኩ። ጡቡን ሳወጣ ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ ከውስጥ ቋ… ቋ… ይል ጀመር። ዕቃው ሁሉ እየተሰነጠቀ። ዘወር ስል ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። "እኔ ክፈቺ ስላልኩሽ ትከፍቻለሽ? እጅሽን ጡቡ ላይ አታደርጊም? በሦስተኛው ቀን ነው የሚከፈተው! ንጉሥ ቢያዝሽ በሦስተኛው ቀን!"

አንድ ምድጃ ሙሉ ዕቃ አስሰንጥቀው አስተማሩኝ። ሌላ ሰው በአፉ ይነግራል። እሳቸው ከዚያ በኋላም አልተውኝም። ጭቃው ልክ ሆኖ ሳለ "ውሃ ጨምሪበት" ይላሉ። እሳቱ ሲያንስ "ቀንሺው" ይላሉ። እምቢ ያልኩ እንደሆነ ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ አለፍኩ ማለት ነው። ስንቴ አልቅሻለሁ በዚህ! አሁን ሳስበው ግን የማውቀው ሁሉ በዚያ መንገድ ነው የገባው። ምን ልበላቸው…

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተኮስን!

ጎህ ሲቀድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ፣ ዕቃው ውስጥ የቀረችው እርጥበት ቀስ ብላ እንድትወጣ። ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት መውጣቱን እስኪያቆም ትዕግሥት ነው። ከዚያ ፍልጡን ማብላት። ባሌ ሱቁን ዘግቶ ዋለልኝ። "ዛሬ ሰፈሩ በጺሙ ይዋል" አለ። ሲጎነበስ እሳቱ ግማሽ ቅንድቡን ላሰው። ፀጉር አስተካካይ ሆኖ! እናቱ በመስኮት አይተው "አሁን ገና አማረብህ" አሉት።

ጠዋቱን አማቴ ከአልጋቸው ሆነው እጃቸውን ሲያነሱ እጨምራለሁ፣ ሲያወርዱ እተዋለሁ። ከቀትር በኋላ ቀና ስል እጃቸው የለም። ደነገጥኩ። ስገባ ነቅተዋል።

"ምነው ዝም አሉ እማማ?"

"ምን ልበል? የእሳቱ ቀለም ከዚህ አይታየኝም።"

ጠዋት ይታያቸው ነበር እኮ። ወጥቼ ብቻዬን ቀጠልኩ። ጭሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፣ ባሌም ጭሱ ነው ብሎ ጠረገ።

ሊመሽ ሲል በማያ ቀዳዳው አየሁ። ዕቃዎቹ ራሳቸው እሳት መስለዋል፣ ማንቆርቆሪያዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንገታቸው አልተጣመመም! ማገዶ መክተቻውን፣ ቀዳዳውን፣ ሁሉን ዘጋሁ። እንግዲህ ዓርብ ነው የሚከፈተው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሾርባውን ሁለቴ አፋቸው አደረስኩ፣ ሁለቴም ከንፈራቸውን ገጠሙ። "በሞቴ" አልኳቸው። "ያንቺ ሞት ምን ያደርግልኛል" አሉኝ። ደህና ናቸው ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ።

"በርዷል?"

"ኧረ ገና! ግድግዳው እጅ ያቃጥላል።"

"እም።"

ቀኑ አልመሽ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዛሬስ አለፍኩ!

ከምሳ በኋላ ትራሳቸውን ላስተካክል ስገባ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቅዟል፣ ጭብጣቸው ግን አለ። "አንቺ ልጅ… እስቲ ክፈቺው" አሉኝ። በለዘበ ድምፅ! ተንኮል ሲያስቡ እንዲህ ነው የሚለዝቡት፣ ዛሬ ነው እንዴ የማውቃቸው?

ሳቄ መጣ። "እማማ! አሁንም?"

"አንዷን ብቻ። ከላይ ያለችውን።"

"ነገ ነው የሚከፈተው። ንጉሥ ቢያዘኝ ነገ!"

ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየ። አንድ ነገር የሚሉ መስሎኝ ነበር። "እሺ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እሺ! እኔን "እሺ" ብለውኝ ያውቃሉ? ከዚያ ዝም። ኩሽና ገብቼ ብቻዬን እንደ ዕብድ ፈገግ ስል ነበር። እንዲህ ሆነው እንኳ ይፈትናሉ፣ ምን ዓይነት ሴት ናቸው! ነገ በጠዋት የመጀመሪያዋን ማንቆርቆሪያ እጃቸው ላይ ነው የማደርጋት። መታ ሲያደርጓት ፊታቸውን ነው የማየው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሁለት ጡብ አውጥቼ ነበር። ባሌ በመስኮቱ በኩል በስሜ ጠራኝ። በስሜ ብቻ፣ ያለ ቀልድ… አወቅሁ።

አርፈዋል።

እጄ አቧራ ነበር። መታጠብ አላሰብኩም፣ በዚያው ዓይናቸውን ከደንኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሰው ዛሬ ቀለል አለ። ቤቱ እስከ ትናንት መቆሚያ አልነበረውም። ሁሉም ስለ ዳኛዋ የሚያወራው አለው፤ አንዷን ስለ ማሰሮ አያያዟ እንዴት እንደሰደቧት፣ ሌላውን ከደጅ እንዴት እንደመለሱት። ሰው የተሰደበውን እንደ ስጦታ ሲያወራ አይቼ አላውቅም ነበር። ሣጥኑን አናጢው ሠራ። "ከደረቀው እንጨት ነው፣ እርጥብ አይወዱም" አለኝና አፉን በመዳፉ ይዞ ወጣ።

ምድጃውን አልነካሁትም። ዓርብ ያወጣኋቸውን ሁለት ጡቦች ማን እንደመለሳቸው አላውቅም። እኔ ልሁን?

ባሌ "አትከፍቺውም?" አለኝ። "እንጃ።" ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

አንድ ቀን ነበር እኮ የቀረው። አንድ ቀን! ሐሙስ ዕለት ከፍቼው ቢሆን… አይ። ፈተና ነበር። ቢሰነጠቅስ? በመጨረሻ የሚያዩት የኔ ሥራ ስንጥቅ ሊሆን? ፈተና ነበር። ሰው በዚያ ሁኔታ ሆኖ ሰው ይፈትናል? ሌላ ሰው አይፈትንም። እሳቸው ግን ይፈትናሉ። ይፈትናሉ። ስንቴ ነው የምጽፈው?

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ከፈትኩት።

ውስጡ ቀዝቃዛ። አንዱን አንስቼ መታ አደረግሁ። ጥርት አለ። ቀጣዩን። ጥርት። ሳህኖቹን፣ ማሰሮዎቹን፣ ማንቆርቆሪያዎቹን… ጓሮው ሙሉ ደረደርኳቸው፣ በሁሉም ጀርባ እየዞርኩ መታሁ። አንድም! አንድም ስንጥቅ የለ። ከዚህ ምድጃ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም፣ በሳቸውም ጊዜ። ባሌ ቆሞ ሲያይ ቆየና "እማዬ ብታየው…" ብሎ አቋረጠ።

ምነው አንድ እንኳ በተሰነጠቀ። ምነው ግማሹ አመድ በሆነ። ያኔ "ደግ አደረግሁ አለመክፈቴ፣ ምን ሊያዩ ኖሯል" እል ነበር። ጤነኛ ዕቃ መሃል መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንዲህ ያለቀስኩት ለቅሶው ላይ እንኳ አልነበረም። ባሌ መጥቶ አጠገቤ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፣ በንጹሕ ሱሪው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አንዲት ሴትዮ መጥታ ማንቆርቆሪያ አነሳች። "እንዴት ያምራል! እጅሽ ይባረክ" አለች። አሜን አልኳት። ምንም አልተሰማኝም። ለሷ "ያምራል" ማለት ምን ይከብዳታል? ከአፏ የሚወጣው ሁሉ "ያምራል" ነው፣ መጥረጊያዬንም አድንቃለች።

ጭቃ አልረገጥኩም ዛሬም። የጭቃውን ጉድጓድ ጆንያ አልብሼዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አልጋውን ዛሬ ልንፈታው ተነሳን። ባሌ ነው ያለው፣ "ባዶውን እያየን እስከ መቼ?" ብሎ። ሱቁን ከሰዓት ዘጋ። እሱ ብሎኑን ይፈታል፣ እኔ ራስጌውን እንዳይወድቅ ይዤለታለሁ። ቅንድቡ በቅሏል።

እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ "ያቺ ሐሙስ ትቆጨኛለች" አለኝ።

"የትኛዋ ሐሙስ?"

"ከማረፏ በፊት ያለችው። ጠዋት ፊቷን ሳጥባት 'ምድጃውን ክፈትልኝ' አለችኝ። 'የሷን ዕቃ ሳላይ እንዳልሄድ ፈራሁ፣ ቢሰነጠቅም ግድ የለኝም፣ አንዷን ልያት።' እኔ ደግሞ መቀለዴ አይቀር… 'ምድጃው የሚስቴ ነው፣ ብነካው ሁለታችሁም ትገድሉኛላችሁ፣ እሷን ጠይቂ' አልኳት። ሳቀች። 'ልክ ነህ፣ የሷ ነው። እለምናታለሁ' አለች።"

ራስጌው ከበደኝ። ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

እለምናታለሁ… እሳቸው! ሐኪሙን እንኳ የሚያዙ ሴት፣ ማንን ለምነው ያውቃሉ? ከጠዋት እስከ ምሳ እዚህ ተኝተው እንዴት እንደሚለምኑኝ ሲያስቡ ኖሯል። ሲከፈት ምን እንደሚሆን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አለ? እያወቁ ነው። ዕቃው ቢሰነጠቅም ሊያዩት ፈልገው ነው። የኔን ዕቃ። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ይሄው አልነበር? እጄን ይዘው ሲሰጡኝ እኔ ኩሽና ገብቼ ፈገግ አልኩ።

ባሌ መፍቻውን አስቀመጠ። "ሳትጠይቅሽ ነው እንቅልፍ የወሰዳት ብዬ እኮ ነው እስካሁን… ጠይቃሽ ነበር እንዴ?"

"አዎ።"

"ታዲያስ? ምን አልሻት?"

መዋሸት እችል ነበር። ተኝተው ነበር፣ አልሰማሁም፣ ጡቡ ያቃጥል ነበር… ስንት ነገር አለ። ቀና ብሎ ይጠብቀኛል፣ ዓይኑ የእናቱ ዓይን።

"እምቢ አልኳቸው" አልኩት።